በአራት ጣት ዝቅ ያለው ሪንግ

የቅርጫት ኳስ ክለቡ ሜዳ ያዥ ሆኜ ሥራ የጀመርሁ ቀን የተሰጠኝ መጥረጊያ፣ ሜትርና ቱምቢ ነበር። እኔ ሞኙ ኳስ ይሰጡኛል ብዬ አዲስ ሸራ ጫማ አድርጌ መጥቻለሁ! ከእኔ በፊት ሜዳውን የያዙት አዛውንት ክሩ ጫፍ ላይ ብረት የተንጠለጠለበትን ቱምቢ ኳስ ከሚገባበት ሪንግ ላይ ወደ መሬት አወረዱና ቁመቱ ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም መሆኑን አሳዩኝ። ውድድር በቀረበ ቁጥር እንዲህ እንድለካ አዘዙኝ። ኳስ የነካሁት በሳምንቱ ነው፤ እሱንም ለማጠብ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ተጫዋች አየሁ። እንደ ጀማል ያለ ግን አላየሁም። የወረታ ነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ ሱቁን እንዲይዝላቸው ይፈልጋሉ፤ እሱ ግን እዚህ ቤት ተከራይቶ፣ የንጋቱን ሶላት ሱብሂን ሰግዶ ሜዳ ይመጣል። ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆሞ ይወረውራል፣ ራሱ ይለቅማል፣ ደግሞ ይወረውራል። ፀሐይዋ ከጣና ላይ ከፍ ብላ እንኳ አያቆምም። «አንተ ልጅ፣ ሪንጉ ይረፍ እንጂ» እያልሁ እቀልድበታለሁ። ፈገግ ይልና ይቀጥላል። እንዲህ ሲለፋ ሳየው እሳሳለታለሁ።

ዘንድሮ የከፍተኛው የወንዶች ሊግ ውድድር ሳይጀመር ሜዳችን ታደሰ። በተሰነጣጠቀው ወለል ላይ አዲስ ሲሚንቶ ፈሰሰበት። መስመሩን በእጄ ቀባሁት። ሪንጉንማ ግንበኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ለክቼዋለሁ፤ ልክ ነበር። ደስ ብሎኝ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ፣ ወደ ዘንዘልማ ሄድሁ።

ልጆቹ ሁለት ወር ተለማመዱበት። ከዚያ ለወዳጅነት ጨዋታ ጎንደር ሄድን። ጀማል የወረወረው ሁሉ የሪንጉን የፊት ብረት እየመታ ተመለሰ። ሌሎቹም ሳቱ፤ የእሱ ግን ባሰ።

ስንመለስ አሰልጣኛችን ዘለቀ መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ቅዳሜ ለውድድሩ ከሚያስመዘግባቸው ተጫዋቾች ውስጥ ጀማልን ሊያወጣው እንዳሰበ በጆሮዬ ነገረኝ። ጀማል ደግሞ ዘንድሮ ካልተመዘገበ ኳሱን ትቶ ሱቅ ሊገባ ለአባቱ ቃል ሰጥቷል። ይህን እኔም ዘለቀም እናውቃለን።

በማግስቱ ጠዋት ሜዳ ስደርስ ጀማል ይወረውራል። አንድም አይስትም።

«ጋሼ፣ እዚህ ይገባል። እዚያ ምነው እምቢ አለኝ?» አለኝ።

ሪንጉ የቆመበትን ምሰሶ ተደገፍሁ። ዓይኔ ወደ ምሰሶው እግር ሄደ። ብሎኖቹ በአዲሱ ሲሚንቶ ተውጠዋል። ክው አልሁ። ሮጬ ሜትርና ቱምቢ አመጣሁ። ወለሉ ከፍ ሲል ሪንጉ በአራት ጣት ዝቅ ብሏል። ዝቅ ያለውን የለመደ እጅ ደግሞ ትክክለኛው ሪንግ ላይ ውርወራው ያጥርበታል። ከሁሉ የበለጠ የለፋው ጀማል ነውና ከሁሉ የበለጠ የተበላሸውም የእሱ እጅ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ሪንጉ የታሰረበትን ቦርድ በዝምታ ከፍ አድርጌ ልተወው አስቤ ነበር። ጡረታዬ ደርሷል፣ በስተርጅና መዋረድ ማን ይወዳል? ግን እንዲያ ካደረግሁ ጀማል ስሙ እንደ ወጣ ሊቀር ነው። ወደ ዘለቀ ቢሮ ሄድሁ።

«ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የእኔ ነው» አልሁት። «ከግንበኞቹ በፊት ለክቼ ከእነሱ በኋላ ሳልለካ ቀረሁ።»

ዘለቀ መጥቶ ራሱ ለካ። «ጋሽ አስማረ፣ ሁለት ወር አጥፍተውብናል» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። የምዝገባውን ወረቀት አወጣና የሰረዘውን የጀማልን ስም መልሶ ጻፈ።

ጀማልን ይቅርታ ስጠይቀው ቦርዱን ከፍ ለማድረግ የወጣሁበትን መሰላል ይዞልኝ ቆሟል።

«እጄ ሞተ ብዬ ነበር እኮ ጋሼ። እንኳንም ሪንጉ ሆነ» አለኝ።

እንባዬ መጣ። ዞር ብዬ ብሎኑን አጠበቅሁ።

ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጀማል እጁን እንደ አዲስ እያስተማረ ነው፤ ይድረስበት አይድረስበት አላውቅም። ከእኔ በኋላ ሜዳ ለምትይዙ፦ ሪንግ የሚለካው የመጨረሻው ግንበኛ መሣሪያውን ሰብስቦ ከወጣ በኋላ ነው።