ያልተጫረው ጠርሙስ

ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ የምትማረው ልጄ ለጥናት የተሰጣትን ድንጋይ ይዛ መጣች። መስኮቱ ጋ ቆማ በጣቶቿ አዞረችው። ሰማያዊ ሆኖ ወደ ሐምራዊ ያደላ ነበር፤ ስታዞረው ግን ፈዘዘና ውሃ የበዛበት ጠጅ መሰለ። ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ።

እንዲህ ያለ ድንጋይ በወጣትነቴ በእጄ ገብቶ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከይጁቤ በታች ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ፣ ጎርፍ ከናደው ገደል ሥር አገኘሁት። ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ ለማስተማር የአባቴ አቅም አልፈቀደም። አባቴ ድንጋዩን በፀሐይ አየና፣ «እውነተኛ ከሆነ ሸጠን ትማርበታለህ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የበላሁት በሶ ጣዕሙም አልታወቀኝ።

እውነተኛነቱን ማን ይመስክር? አባቴ ቅኔ የሚያስተምሩትን አጎቴን፣ የኔታን ጠራ። የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ ስለ ድንጋይ ግን የሚያውቁት በመጽሐፍ ያነበቡትን የዕንቍ ስም ብቻ ነው።

«ወርቅ በምን ይፈተናል?» አሉ።

«በእሳት» አለ አባቴ።

«እንግዲህ!»

ወደ ቀጥቃጩ ቤት ሄድን። እኔ ሽፋኑ ከወለቀ የሳይንስ መጽሐፍ ላይ ሌላ ነገር አንብቤ ነበር። መደቡ ላይ የአረቄ ጠርሙስ ቆሟል።

«የኔታ፣ መጀመሪያ ጠርሙሱን ልጫርበት። የጠርሙስ ስባሪ ከሆነ አይጭረውም። ደግሞ ሲያዞሩት ቀለሙ ይለወጣል፤ ይዩት…»

«አንተ ደግሞ ከማን ጉባኤ ዋልህ?»

ቀጥቃጩ ሳቀ። «ጠርሙሴን እንዳትነካ፤ ገና ግማሽ አለው!»

ወናፉ ተነፋ። ድንጋዩ ፍም ውስጥ ጋለ፤ ቀጥቃጩም እንደ ማረሻ አውጥቶ ውሃ ውስጥ ነከረው። የወጣው ግራጫ ፍርፋሪ ነው።

«አየህ? የጠርሙስ ስባሪ ነበር» አሉ የኔታ። አባቴም አመነ። ትምህርቴ እዚያ አበቃ፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ብቻዬን የለቀምኩት ነው።

ልጄ ይህን ሰምታ፣ «አባዬ፣ ይኼኛው አዮላይት ይባላል። የእርስዎም እሱ ቢሆን ያን ያህል ውድ አይደለም፤ ላያስተምርዎት ይችል ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ አልከራከራትም። ዛሬም የሚያበሳጨኝ ዋጋው አይደለም። ሰው የማያውቀውን ነገር በማይሆን ፈተና ይሰብርና ስብራቱን ማስረጃ ያደርገዋል። ልጆቼን በዚህ ስቆጣ ኖሬያለሁ።

«ጠርሙስ አምጪ» አልኋት።

በራሴ እጅ በድንጋዩ ጫርኩት። ነጭ መስመር ወጣ፤ በጥፍሬ ዳሰስኩት። ያን ቀንም ፈተናው የሚፈጀው ይህችን ያህል ጊዜ ብቻ ነበር።