ውሃ ወይስ መድኃኒት

ነርሷ ሰው ስትጨብጥ እጇ መዳፍ ላይ አይቆምም። ሁለት ጣቶቿ ሾልከው አንጓ ላይ ያርፋሉ፤ የደም ሥሩን ምት ሳታገኝ አትለቅም። ጠዋት ጠዋት የአምቡላንሱ ሾፌር እጁን እየሰበሰበ፣ «አንቺ ሴት፣ ሰላምታ ነው ወይስ ልትገንዢኝ ነው?» ይላታል።

«አይዞህ፣ አንተን ሞትም አይደፍርህም።»

አምቡላንሱ ውስጥ ግን ወንበሯ ላይ አትረጋም። የመድኃኒት ቦርሳውን ከፍታ ታያለች፣ ትዘጋለች፣ ደግሞ ትከፍታለች።

ቦርሳው ውስጥ ለጥናት የመጡ እሽጎች አሉ። ቤት ወይም መንገድ ላይ ልቡ ቆሞ ለወደቀ ሰው፣ ደረቱ እየተገፋ በደም ሥሩ የሚሰጡ ናቸው። ግማሾቹ ልብ የሚቀሰቅስ መድኃኒት፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ ብቻ፤ መልካቸው አንድ ነው። መድኃኒቱ መጥቀም አለመጥቀሙ የሚለየው እንዲህ ነውና ሰጪው አያውቅም፣ አይመርጥም፤ ከላይ ያለውን ያነሳል።

አንድ ቀን የተጠሩት እህቷ ቤት ሆነ። የእህቷ ባል፣ ልብስ ሰፊው፣ ከስፌት መኪናው ሥር ተዘርሯል። ነርሷ ከላይ ያለውን አነሳች፤ ሰጠችው። ልቡ ተመለሰ። እሱ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም።

አሁን መስኮት ሥር ተቀምጦ ሚስቱን እንደ ደንበኛ አንቱ ይላታል። «ለመቼ ይድረስልዎ?»

«ለነገ» ትለዋለች፣ አፉን እየጠረገችለት።

ነርሷ በመጣች ቁጥር ግን እህቷ በር ላይ ትይዛታለች። «ውሃ ነው መድኃኒት የሰጠሽው?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ጥናቱ ሳያልቅ ማንም አያውቅም።»

«በገዛ እጅሽ የሰጠሽውን? ወይ ጉድ!»

ጥናቱ አለቀ፤ መድኃኒቱ ልብ ቢመልስም አእምሮ እንደማይመልስ ታወቀ። ማወቅ የሚፈልግ መጥቶ ይጠይቅ ተባለ። ነርሷ እስከ ጥናቱ ቢሮ በር እየሄደች ትመለስ ጀመር፤ ሾፌሩ፣ «ምነው፣ በሩ ይናከሳል?» እስኪላት። በመጨረሻ ገባች።

መድኃኒት ነበር።

ያንኑ ዕለት ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ውሃ ቢሆን ኖሮ ቀብሬው ነበር! ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ።»

 ከመስኮቱ በኩል፣ «ለመቼ ይድረስልዎ?» የሚል ድምፅ መጣ። ነርሷ ሄዳ እጁን ጨበጠች፤ ጣቶቿ አንጓው ላይ አረፉ። ምቱ ደህና ነው፣ ጠንካራ።

ነርሷ ይህን ስታጫውተኝ፣ «ሌላውን እንደፈለግሽ ጻፊ፤ ይህችን ብቻ ተይልኝ» ያለችኝ ነገር አለ፦ ቢሮው በር ላይ ቆማ፣ «ምነው ውሃ በሆነ» ስትል ነበር።