የእኛ ድርሻ ሃያ እርምጃ

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነበር። የካቲት እያለቀ ነው፤ ወንዙ ጎድሏል። እኔና ወንድሜ አድማሱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አንድ የዘንባባ ግንድ እየጎተትን ነበር።

ይህን የምጽፈው ለአድማሱ ልጅ ነው። ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣለም ነበር። አድጎ ሲጠይቅ ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚነግረው፣ እኔ እንደነበረው ልጻፍለት ብዬ ነው። ሁለት ዓመት የቀበሌ ሚሊሻ ነበርኩ። ዛሬ ክላሹን መልሻለሁ። ጀግና አልነበርኩም።

መንደራችን በወንዝና በረግረግ መካከል ያለች ደረቅ መሬት ናት። ከዋጫ ከተማ ሞተር ሳይክል እስከሚደርስበት ትመጣለህ፤ ከዚያ አራት ሰዓት በእግር ነው። ረግረጉን የምንሻገረው በርብራብ ነው። ርብራብ የምንለው ጭቃው ላይ ተከታትለው የተነጠፉ የዘንባባ ግንዶችን ነው። ውሃ ስለሚሸፍናቸው እንግዳ አያያቸውም። እኛ ከጎናቸው የተተከሉትን ምልክት እንጨቶች እያየን እንሄዳለን። ጨው በዚያ ይገባል። ማር በዚያ ይወጣል። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ የምትወጣው በዚያ ነው። ዝናቡ ሲበረታ መምህሩ በዚያ ይወጣና ውሃው እስኪጎድል አይመለስም። ሌላ መንገድ የለንም።

እያንዳንዱ ቤት ከርብራቡ ድርሻ አለው። የእኛ ሃያ እርምጃ ነው፤ ከአባታችን የወረስነው። ግንድ ሲበሰብስ ባለድርሻው ይቀይራል። እስኪቀይር ድረስ እዚያ ያለው ምልክት እንጨት ላይ ቄጤማ ይቋጥራል። ቋጠሮ ያየ ሰው ያን ግንድ አይረግጥም፤ ሰፋ አድርጎ ተራምዶ ያልፋል። አዲሱ ግንድ ሲገባ ቋጠሮውን የሚፈታው ባለድርሻው ራሱ ነው። ሌላ ሰው አይነካውም።

ከእኛ ድርሻ ሰባተኛው ግንድ በስብሶ ነበር።

አዲሱን ጎትተን ረግረጉ ዳር ስናደርስ ምትኩ ቁጭ ብሎ ያየናል። ምትኩ አብሮን የሚጠብቅ ሚሊሻ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«አሥረኛ ክፍል የደረሰው ሰውዬ! ደብተር ሲሸከም እንዲህ አያቃስትም ነበር።»

«ከምትለፈልፍ ና አግዝ» አልኩት።

«ድርሻችሁ አይደለም እንዴ? የእኔን አምና ጨርሻለሁ። አሁን ተቆጣጣሪ ነኝ።»

አድማሱ ሳቀ። ቦንጋ ስማር ቆጮና ማር ተሸክሞ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። በእኔ ሲቀለድ ይስቃል እንጂ አይጨምርበትም።

እግሬን አየሁት። አራት አልቅት ተጣብቆበታል። ደከመኝ። ማታም ተረኛ ነበርኩ።

«ነገ ብናስገባውስ?» አልኩ።

አድማሱ ሰማዩን አየ። ከዚያ እኔን አየ። «እሺ፣ ነገ ጠዋት። ቋጠሮውን ግን እሰር። ጠበቅ አድርገህ።»

አሰርኩ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልሆነም። ቤት ገብተን በላን፤ ሚስቱ ብዙነሽ ልጁን ሰጠችውና አቅፎት እንቅልፍ ወሰደው። እኔ መሣሪያዬን ይዤ ወደ ጉብታው ሄድኩ።

ጉብታው ከወንዙ መሻገሪያ ፊት ለፊት ነው። ከፍታው ከአንድ ጎጆ አይበልጥም። ምሽጋችን እስከ ጉልበት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆፈርክ ውሃ ይወጣል። ዘጠኝ ነበርን። መሪያችን ጋሽ ገብሬ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ወንዙ ሲጎድል ዘራፊዎች ለከብት ይሻገራሉ ተብሎ ስለሚፈራ በየካቲት ጥበቃ ይጠናከራል።

እሁድ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ጉም ነበር። አድማሱና ምትኩ ተረኞቹን ሊቀይሩ ገና መድረሳቸው ነው። በመሻገሪያው ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማን። ጋሽ ገብሬ እጃቸውን አነሡ።  ከዚያ ተኩስ ተከፈተ።

ብዙ ነበሩ። ከየት እንደመጡ ዛሬም አላውቅም፤ ለማላውቀው ነገር ስም አልሰጥም። ግማሾቹ ወደ ከብቶቹ ሄዱ። የቀሩት በቄጤማው ውስጥ ለውስጥ ወደ ቤቶቹ ዞሩ።

«አድማሱ! ሕዝቡን በርብራቡ አውጣ!» አሉ ጋሽ ገብሬ። ወደ እኔ ዞሩ። «ታሪኩ፣ አንተ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል!»

አድማሱ ተነሣ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ጉሙ። በዚያ ጉም ውስጥ ማንም ቋጠሮ አያይም።

«አድማሱ! ግንዱ!» ብዬ ጮህኩ።

ዞሮ አየኝ። «አውቃለሁ» አለ። ሮጠ።

ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። አልተቆጣም። ብዙ ጊዜ ድምፁን አስታውሼ ፈትሼዋለሁ። አልተቆጣም።

እኛ ጉብታውን ያዝን። በስተግራ አሰፋ ወደቀ፤ ንብ አናቢው።  ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ሊወጡብን ሞከሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ መለስናቸው። ምትኩ አጠገቤ ነበር።

«ተቆጣጣሪው ተመታ» አለ። ቀልድ መስሎኝ ዞርኩ። ሆዱን ይዟል። ነጠላዬን አሰርኩለት። «ወደ ፊትህ እይ» አለኝ። አየሁ። ስዞር ሞቶ ነበር።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጉሙ ተገፈፈ። ከብቱን እየነዱ ተመለሱ። ተኩሱ ቆመ። ጋሽ ገብሬ «አሁን ሂድ» አሉኝ። ሮጥኩ።

የሆነውን የነገረችኝ ብዙነሽ ናት። አድማሱ ሳይደርስባቸው የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሰባተኛውን ግንድ ሲረግጡት ተሰበረ። አንዲት ልጅ እስከ አንገቷ ሰጠመች፤ አድማሱ አወጣት። ከዚያ ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ከሥር በቀረው ስብርባሪ ላይ ቆሞ ምልክት እንጨቱን በአንድ እጁ ያዘ።

«ትከሻዬን እየረገጣችሁ እለፉ» አላቸው።

እሷ እምቢ አለች። ልጁን አዝላለች።

«ብዙነሽ፣ ድርሻችን ነው። እለፊ» አላት።

አለፈች። ሁሉም አለፉ። በቋንቋችን በካፊኖኖ እየቆጠረ ነበር ያሳለፋቸው፤ አርባ ሦስት ሰው። ጥይቱ የመጣው ወደ መጨረሻው ነው፣ ከቄጤማው በኩል። ሌሎቹ ጎንበስ አሉ። እሱ ጎንበስ ማለት አይችልም ነበር። ከተመታ በኋላም ሁለት አሮጊቶች በላዩ አለፉ፤ እንጨቱን አልለቀቀም።

ስደርስ እንጨቱን እንደያዘ ነበር። ጭቃው ይዞት ቆሟል። ሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ የእግር ጭቃ ነበር፤ የትልቅ ሰውም፣ የሕፃንም።

ከእኛ የሞቱት ሦስት ናቸው። አሰፋ፣ ምትኩ፣ አድማሱ። እነሱ ሁለት ሬሳ ጥለው ሄዱ፤ ከጉብታው ሥር ቀበርናቸው። ሲሻገሩ የነበሩት አርባ ሦስቱ በሙሉ ተርፈዋል። ማታ አስከሬኖቹን አጥበን ገነዝን። ቤተ ክርስቲያን ያለው ከረግረጉ ማዶ ነው። ስለዚህ ቀብሩ ለሰኞ ሆነ፤ ቃሬዛዎቹም በርብራቡ መውጣት ነበረባቸው።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወደ ረግረጉ ዳር ሄድኩ። ግንዱ ቅዳሜ ባስቀመጥንበት ቦታ ነው። ገመድ አሰርኩበት። ጋሽ ገብሬ ከኋላዬ መጡ።

«ታሪኩ፣ ሐዘንተኛ ሥራ አይሠራም። ቁጭ በል፤ እኛ እናስገባዋለን።»

«የማን ድርሻ ነው፣ ጋሽ ገብሬ?»

  ጫማቸውን አወለቁና የገመዱን ጫፍ ያዙ። «ማገዝ አይከለከልም» አሉ።

ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። እግሬ ያንኑ ስብርባሪ አገኘው። እያወጣሁ ጣልኩት። የታችኛውን ጭቃ በእጄ ጠረግኩ፣ አዲሱን ግንድ አስገባሁ፣ በሁለቱም ጎን በካስማ ያዝኩት። ወጥቼ ዘለልኩበት። አልተነቃነቀም። ደግሜ ዘለልኩበት።

ሦስት ሰዓት ላይ ቃሬዛዎቹ መጡ። አሰፋ አለፈ። ምትኩ አለፈ። አድማሱን የተሸከሙት አራቱ ሰዎች ሰባተኛው ግንድ ላይ ሲደርሱ አንዱ እግሩን ሰፋ አድርጎ ሊራመድ ሲል አየሁት፤ ቋጠሮው ገና አልተፈታም ነበር።

«ርገጡት» አልኩ። «ገብቷል።»

ረገጡት። አለፉ። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁና ቅዳሜ ያሰርኩትን ቄጤማ ፈታሁት። ጠብቆ ነበር፤ በጥርሴም ጭምር ነው የፈታሁት። ከዚያ ተከተልኳቸው።