ዶት የሞተችበት ሳምንት

ወይዘሮ ቴልማ ሬስትሪክ ዓርብ ጠዋት የጓሮውን ሳጥን ሲከፍቱ ዶት ሞታ አገኟት። ማታ እራቷን ጥርግ አድርጋ በልታ፣ ከጓደኛዋ ከሜጀር ጋር ስትላፋ አምሽታ የተኛች የአራት ዓመት ጤነኛ ፌሬት፣ ሙጭልጭላ የምትመስል ለማዳ እንስሳ፣ ነበረች። ሜጀር እንደ ወትሮው ተጠቅልሎባት ተኝቷል። እጃቸውን ሲሰዱ እሱ ይሞቃል፣ እሷ ደርቃለች።

ቴልማ ጎረቤቴ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሱፍ ፋብሪካ ከተሸመነው ጨርቅ ላይ የተበጠሰ ክር እየፈለጉ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አባታቸው የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ነበሩ፤ ፌሬት የሚያረቡትም እንደ መንደሩ ወንዶች ሁሉ ለጥንቸል አደን ነበር። ቴልማ ግን ጥንቸሉን ትተው ለፌሬቶቻቸው ሌላ ሥራ አገኙላቸው፤ ከወለል ሥር ባለ ጠባብ ቱቦ ሽቦ ማስገባት።

ሥራው እንዲህ ነው፤ ባስረዳው ባስረዳው አይሰለቸኝም። ፌሬት ቀጭንና ረጅም ናት፤ ጨለማ ቀዳዳ ካየች ደግሞ ሳትገባ አታልፍም። ስለዚህ ትከሻዋ ላይ ቀለል ያለ ማሰሪያ ታደርግላታለህ፤ ማሰሪያው ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር ታስራለህ። በቱቦው አንድ ጫፍ ትለቃታለህ። በሌላው ጫፍ አንድ ሰው ጥሬ እንቁላል ሳህን ላይ አፍርጦ ይጠብቃል። እሷ ስትወጣ ክሩን ትፈታላትና ክሩ ላይ ሲባጎ፣ ሲባጎው ላይ ሽቦውን አስረህ ትስባለህ። ከሁሉ የሚገርመኝ የማሰሪያው ስፌት ነው። ቴልማ የደረቱን መያዣ ሆን ብለው በስስ ክር ነው የሚሰፉት፤ እንስሳዋ ውስጥ ብትያዝና ብትታገል ይበጠስና ነፃ ትወጣለች። ክሩ ይጥፋ እንጂ እሷ አትጠፋም።

ዶት በዚህ ሥራ ወደር አልነበራትም። ሜጀር ደግሞ ትልቅ፣ ነጭ፣ እንቅልፋም ወንድ ነው። ክር ጎትቶ አያውቅም። ዶት ስትገባ ከኋላዋ ተከትሎ ይገባል፣ ስትወጣ ተከትሎ ይወጣል፣ ከእንቁላሉም ግማሹን ይወስዳል።

በዚያው ሳምንት ሥራ ነበራቸው። የመንደሩ አዳራሽ ጆሯቸው ለደከመ ሰዎች ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሊገባለት ነው። ሽቦው ከመድረኩ አጠገብ ካለው የዕቃ ክፍል ተነሥቶ፣ ከወለሉ ሥር ባለ አሮጌ የሸክላ ቱቦ አልፎ፣ እበሩ ድረስ መድረስ አለበት። ሠላሳ እርምጃ ይሆናል፣ ሁለት ቦታ ይታጠፋል። መሣሪያውን የሚተክሉት ባለሙያዎች ዘንግ ቢያስገቡ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቀረ። ወለሉን ሰንጥቀን እንቀብረዋለን አሉ። ያንን ወለል ማዕድን ቆፋሪዎቹ ናቸው ከሥራ መልስ በገዛ እጃቸው ንጣፍ በንጣፍ የሠሩት። ቴልማ "ረቡዕ እስክትመጡ ዶት ትጨርሰዋለች" ብለው ነበር።

ዓርብ ረፋዱ ላይ የአዳራሹ ሊቀመንበር ክሊፎርድ ሆልሮይድ መጥተው አጥሩ ላይ ተደገፉ። ከቴልማ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው።

"ሰማሁ፤ አዝናለሁ ቴልማ።"

"እግዜር ይስጥህ።"

"ለሰዎቹ በቃ ሰንጥቁት ልበላቸው እንግዲህ?"

"ገና አልቀበርኳት፤ አንተ ወለል ትሰነጥቃለህ?"

"ፌሬት እኮ ናት የኔ ውድ። አልቅሰሽ ሌላ ታመጫለሽ።"

"አላለቀስኩም። ሌላም አላመጣም። ሜጀር ይሠራዋል።"

ክሊፎርድ ሳጥኑ ውስጥ የተዘረጋውን ሜጀርን አዩት። "ይሄ ትራስ?" አሉ።

ቴልማ ዶትን ወዲያው አልቀበሯትም። አባታቸው ያስተማሯቸው ነገር አለ። ከሁለት ፌሬት አንዷ ስትሞት ሬሳውን ደብቀህ አትወስድም፤ የቀረው አይቶ፣ አሽትቶ፣ እስኪበቃው ትተውለታለህ። ያለዚያ ሳጥን ለሳጥን ሲፈልጋት ምግብ እስከ መተው ይደርሳል። ስለዚህ ዶት እስከ ከሰዓት ሜጀር ዘንድ ቆየች። ጆሮዋን ላሳት። ማጅራቷን ነክሶ ወደ መኝታው ጎተታት፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጎተታት። ለሦስተኛ ጊዜ ከጀመረ በኋላ ለቀቃትና ሄዶ ውኃ ጠጣ። ያን ጊዜ ቴልማ አንሥተው የሩባርብ ተክላቸው ሥር ቀበሯት። አካፋውን ለማንም አላቀበሉም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ አዳራሹ ተከፈተ። ማሰሪያው አንድ ብቻ ስለነበር ቴልማ የዶትን አስፍተው ለሜጀር አደረጉለት። የአዳራሹን ሻይ የምታፈላው ብሬንዳ በሩ ጋ እንቁላሏን ይዛ ተንበረከከች። ሜጀር ገባ። ክሩ ስድስት እርምጃ ያህል ሄደና ቆመ። አምስት ደቂቃ ጠበቅን፤ ዐሥር ደቂቃ። ከዚያ ክሩ ላላ፣ ሜጀርም በገባበት ተመልሶ ወጣ። መልሰው አስገቡት፤ እዚያው ደርሶ ዞረ። ሦስተኛም እንደዚያው።

ብሬንዳ ከወዲያኛው ጫፍ ተጣራች። "እትዬ ቴልማ፣ ዶት የምትተኛበትን ጨርቅ ለምን አያመጡልኝም? እኔ ጋ ላድርገው። ሽታዋን ሲያገኝ በአንድ ትንፋሽ ይደርሳል።"

"እሱስ ብልሃት ነው" አሉ ክሊፎርድ።

"አይሆንም" አሉ ቴልማ።

"ምነው?"

"ትናንት መሞቷን አሳይቼዋለሁ። ዛሬ አለችልህ ልበለው? ሲደርስ ምን ያገኛል፣ ጨርቅ?"

"እንስሳ እኮ ነው፤ ምኑ ይገባዋል?"

"ለአንተስ ምን ገብቶህ ነው ያቺ የምታወዳድራት እርግብህ ከፈረንሳዩ ውድድር ሳትመለስ ስትቀር ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰማይ ሰማይ ስታይ አንገትህ የተጣመመው? እኔ የሌላ እርግብ ላባ አምጥቼ 'መጣችልህ' አልኩህ?"

ብሬንዳ ሳቋን በእጇ አፈነች። ክሊፎርድ አንገታቸውን አሹ።

"እሺ፣ እሺ። ሰዎቹ ግን ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ያኔ ካልሆነ ይሰነጠቃል፤ በኔ እጅ አይደለም።"

ቴልማ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ከበሩ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት። "ረቡዕ በኔ እጅ ይሆናል" ብለው ወጡ።

እሑድ ቴልማ ጓሮ ውስጥ ልምምድ ተጀመረ። ከሰፈር ያልተሠራበት አዲስ ቱቦ ለምነው አመጡ። አንድ በአንድ ነው የሄዱት፤ መጀመሪያ ሁለት እርምጃ ቀጥ ያለ፣ ያለ ማሰሪያ። ሜጀር አለፈ። አምስት እርምጃ፤ አለፈ። መታጠፊያ ጨመሩበት፤ አለፈ። ሌላኛው ጫፍ ላይ እንቁላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ ፈሪ አይደለም፣ ብቻውንም ይገባል። ማሰሪያውን ሲያደርጉለት ግን ሁለት እርምጃዋን እንኳ ሳይጨርስ ዞረ።

ክብደቱ ይሆን ብለን ክሩን ፈታነው። ያው ዞረ። ጠብቆት ይሆን ብለው አላሉለት። ያም አልሆነም። በመጨረሻ ቴልማ አውልቀው ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ሜጀር ወደ ማሰሪያው ሄደ። አሸተተው። በጥርሱ ያዘና እየጎተተ ወደ መኝታ ሳጥኑ አስገባው፤ ልክ ዓርብ ዶትን እንደጎተታት።

ቴልማ እሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

"ጨርቁን እንቢ ብዬ እሷን ራሷን ጀርባው ላይ ጭኜበታለሁ" አሉ። "ቱቦው ውስጥ ሆኖ ከኋላዬ እየመጣች ነው ብሎ ነው የሚዞረው። ሦስት ጊዜ ዋሸሁት።"

ከዶት ሞት ወዲህ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አልቅሰው ሲጨርሱ አፍንጫቸውን ጠርገው የመርፌ ሣጥናቸውን አመጡ። የገበያ ቦርሳቸውን ማንገቻ በመቀስ ቆርጠው አዲስ ማሰሪያ ሰፉ። የደረቱን መያዣ በስስ ክር፣ የትከሻውን በወፍራም። ከዚያ ሰኞ ሙሉ ቀን ሜጀርን በራሱ ጨርቅ ላይ አስተኝተው አዲሱን ማሰሪያ ከሥሩ አነጠፉለት፤ የራሱን ሽታ ብቻ እንዲይዝ። የዶትን ማሰሪያ አልቀሙትም። ሳጥኑ ውስጥ ተዉለት።

ማክሰኞ ሜጀር አዲሱን ለብሶ የጓሮውን ቱቦ ሁሉ አዳረሰ፤ አንዴም አልዞረም። ሠላሳ እርምጃ የሚሆን ቱቦ ግን ጓሮው ውስጥ የለም።

ረቡዕ ባለሙያዎቹ ሁለት ሆነው መሰንጠቂያቸውን ይዘው ሲመጡ ቴልማን የዕቃ ክፍሉ ወለል ላይ ተንበርክከው አገኟቸው።

"እማማ፣ ይነሡልን፤ አቧራ አለው" አለ አንደኛው።

"ሻይህን ጠጣ" አሉት። "አንተን ማንም አያጣድፍህም፣ እሱንም አታጣድፈው።"

ሜጀርን ለቀቁት። ክሩ ስድስት እርምጃውን አለፈ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ዘገየ፣ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ክሊፎርድ ሰዓታቸውን አዩ። ባለሙያው ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ክሩ አይንቀሳቀስም።

"ቴልማ" አሉ ክሊፎርድ ቀስ ብለው።

"እያሰበ ነው። ተወው።"

ክሩ ከቴልማ ጣቶች መሐል ትንሽ ሾለከ። ቆመ። ከዚያ ሳያቋርጥ ይሮጥ ጀመር።

"ወጣ" አለች ብሬንዳ። ቆይታ ደግሞ፣ "እንቁላሉን አልነካም፤ ቀሚሴ ሥር እየፈለገ ነው።"

"ፈልጎ ይጨርስ" አሉ ቴልማ። "አትያዥው።"

ሜጀር ከበሩ ኋላ አየ፣ ከወንበሮቹ ሥር አየ። ከዚያ ተመልሶ ሳህኑን ሙሉ በሙሉ ላሰ፤ የሚያካፍለው አልነበረም። ሽቦው ከሩብ ሰዓት በኋላ እበሩ ደረሰ፤ አንድም ንጣፍ አልተሰነጠቀም።

ክሊፎርድ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ኮሚቴው ሌላ ሴት ፌሬት ቢያመጣልሽ ይወዳል፤ በዶት ምትክ።"

ቴልማ የሜጀርን የደረት ማሰሪያ እየፈቱ ነበር። "ጓደኛ ያስፈልገው ይሆናል፤ ሲያስፈልገው እነግርሃለሁ" አሉ። "በዶት ምትክ ብሎ የሚያመጣ ሰው ግን ይዞ ይመለሳል።"

ሜጀርን ጃኬታቸው ውስጥ ከተው ቁልፉን ለክሊፎርድ ሰጡና ወጡ።