ጥቁር አዝሙዱ ይበቃዎታል

ወታደሮች የያዙኝ ከምሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ ነው። ነጭ ጋውኔን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። ቁስለኛ ደብቀህ አክመሃል ተባልኩና በጭነት መኪና ወደ መካነ ሰላም ተወሰድኩ። ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በጣራው የምስማር ቀዳዳ ነው። ወለሉ ላይ የቀረው የስንዴ ብናኝ እዚያ የታሰርነውን ሁሉ ያስለን ነበር።

የአንድ ሰው ሳል ግን ከሁላችን ይለይ ነበር። ከከተማው ዳር ቁርአን የሚያስቀሩ ሸኽ ናቸው። ከደረሳ ተማሪዎችዎ ጎጆ የማይታወቅ እንግዳ አሳድረዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ እንጂ አይተኙም፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ያበጠ እግራቸውን በጣቴ ጫን ሳደርገው ጎድጉዶ ቀረ።

«ምን ይወስዱ ነበር ሸኽዬ?» አልኳቸው።

«ሁለት ዓይነት ክኒን። ጅዳ ያለችው ልጄ ብር ልካ ደሴ ታየሁ። ሐኪሙ ልብዎ ደክሟል፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ ብሎኝ ነበር።»

ክኒኑ ቤታቸው ቀርቷል። ባለቤታቸው በየቀኑ ስንቅ ያመጣሉ። ምግብ ይገባል፤ መድኃኒት ያለ እስር ቤቱ ኃላፊ ፈቃድ አይገባም። በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ ግን ምግብ ነው ተብሎ ያልፋል። ሸኹ ጠዋትና ማታ ቢስሚላህ ብለው አንዳንድ ማንኪያ ይወስዳሉ። ሳሌን ሲሰሙ እኔንም ያቀምሱኛል።

በአምስተኛው ቀን ኃላፊው አስጠራኝ። «ስምህ ነገ ከሚለቀቁት ውስጥ አለ» አለኝና ጠረጴዛው ላይ ያለውን የስም ዝርዝር ወረቀት በእጁ መታ መታ አደረገው። ከዚያ፣ «የሽማግሌው ሚስት ክኒን ይግባልኝ እያለች በር ላይ ታስቸግራለች። አንተ ነርስ ነህ። የግድ ነው ካልክ ጻፍና ፈርም፤ ለሚመጣው ተጠያቂ አንተ ነህ። ካልሆነም ንገረኝ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያበጠ እግርና ተቀምጦ የሚያድር በሽተኛ ምን ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ዓይኔ ግን ከወረቀቱ ላይ አልነሳ አለ።

«ለጊዜው ደህና ናቸው» አልኩ። «ማርና ጥቁር አዝሙድ እየወሰዱ ነው።»

ስመለስ ሸኹ ቀና ብለው አዩኝ። «ስለ ክኒኑ ምን አሉ?»

አይገባም አሉ ብል እንኳ ውሸቱ ያንስ ነበር። እኔ ግን ባለሙያ መሰልኩ። «ጥቁር አዝሙዱ ይበቃዎታል። ክኒን ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ከሚያውቅ ሰው አፍ ሰማሁ።»

በማግስቱ ማንም አልተለቀቀም፤ ቀኑ ተራዝሟል ተባለ። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጭናቸው ደረሰ። ሁለት ቃል ተናግረው ያርፋሉ። የማሩን ብልቃጥ እያዩ፣ «ማንኪያውን ጨመርኩት፤ አልያዘልኝም» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «ምናልባት የኔ ኒያ ተበላሽቶ ይሆናል። ባልተጣራ ልብ እየወሰድኩት ይሆናል» አሉ።

እሱን መስማት አልቻልኩም።

«የርስዎ ኒያ አይደለም ሸኽዬ» አልኩ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ክኒኑ ይግባ አይግባ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ከሚለቀቁት እንዳልቀር ፈርቼ ደህና ናቸው አልኩ።» አጠገቤ የነበረው ገበሬ ምንጣፉን ሰብስቦ ከኔ ራቅ አለ።

«ጥቁር አዝሙዱ ምን በደለህና ለውሸትህ ምስክር አደረግከው?» አሉኝ ሸኹ።

ተነስቼ በሩን ደበደብኩ። ኃላፊው ፊት ስቀርብ፣ «ደህና ነው ብለህ አልነበር?» አለኝ።

«ዋሽቼ ነው። ወረቀት ስጠኝ፣ ልፈርም።»

ልባቸው መድከሙን፣ ሳንባቸው ውኃ መያዙን፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልደረሱ ሊሞቱ እንደሚችሉ ጻፍኩ። አንብቦ ሲጨርስ ያንኑ ዝርዝር ሳበና ስሜን ሰረዘው። ከሰዓት በኋላ ሸኹን ሊወስዱ መጡ። ወታደሮቹ ሊሸከሟቸው ሲሉ በእጃቸው ከለከሉ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ትከሻዬን ይዘው ተነሱና በእግራቸው ወጡ። በሩ ላይ፣ «እኔ አፉ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብያለሁ። ባለቤቴን ግን ራስህ ጠይቃት» አሉኝ።

ሁለት ወር ከቆየሁ በኋላ ተፈታሁ። ሸኹን ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው ለቀዋቸው ስለነበር ሄድኩ። ከስተው፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባለቤታቸው ጓዳ ነበሩ፤ ከሸኹ ጋር ታስሬ ነበር ብዬ ገባሁ።

«ክኒኑን በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ ሦስት ቀን በሩ ላይ ቆምኩ» አሉኝ። «ውስጥ ያለው ሐኪም አያስፈልግም ብሏል ብለው መለሱኝ። ያ ሐኪም የማን ልጅ ይሆን እል ነበር።»

«እኔ ነኝ እማማ። አፉ ይበሉኝ።»

አዩኝ። ከዚያ፣ «ተቀመጥ፣ እህል ቅመስ» አሉኝና እንጀራ አቀረቡልኝ። አጠገቤም ተቀምጠው ብላ ብላ አሉኝ። አፉ ብዬሃለሁ ግን አላሉኝም።

ሸኹ በተከታዩ ክረምት ሞቱ። ያለ ክኒን ያሳለፏቸው ቀኖች ዕድሜያቸውን ያሳጥሩት አያሳጥሩት የሚያውቅ የለም፤ ደሴ ሄጄ የጠየቅሁት ሐኪምም አላወቀውም። እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። የልብ ሕመምተኞች ጥቁር አዝሙድ ይዘው መጥተው «እውነት ያድናል?» ይሉኛል። ምግብ ነው፣ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ክኒኑን ግን እንዳታቋርጡ እላለሁ። ሲያምኑኝ ፊታቸውን ማየት ይከብደኛል።

ባለቤታቸውን በገበያ ቀን አገኛቸዋለሁ። ሰላምታ ቀድመው የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ስለ ልጆቼም ይጠይቁኛል። ሁለተኛ አፉ ይበሉኝ ለማለት እስካሁን አልደፈርኩም።