ጊቾሂ የሚቆምበት ኩርባ

የእህቴ ባል ጊቾሂ ወሬኛ ነው። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ናኩሩ ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ ይህንኑ ይነግራችኋል። ሻይ ቤት ከገባ የማንዳዚ ብስኩቱ እስኪደርቅ ያወራል፤ ማታቱ ታክሲ ላይ ከተሳፈረ ከረዳቱ ጋር አገር ያካልላል። ምክንያቱን የምናውቀው እኔና እህቴ ዋይሪሙ ብቻ ነን፤ ወይም ብቻችንን የምናውቅ ይመስለን ነበር። ጊቾሂ እንዲያ የሚለፈልፈው ሌላው ሰው የመናገር ዕድል እንዳያገኝ ነው። ጆሮው አይሰማም።

ግራው ጨርሶ ሞቷል። ቀኙ ነጎድጓድና የበር መደብደብ ቢሰማ ነው። ጭስ ማውጫቸው እንደ ጥይት ከሚጮህ የራሊ መኪኖች ጎን ቆሞ ፎቶ ሲያነሳ ያረጀ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ሊተርፈው ይችላል? እኔ ራሴ ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ የምውል ባትላሜራ ነኝ፤ የእኔም ጆሮ ደህና ነው ብዬ አልምልም። ቢሆንም የሰው ወሬ ይሰማኛል፤ ለዚህ ታሪክ የበቃሁትም በዚሁ ነው።

የመስሚያ መሣሪያ አድርግ ብለን ያልለመንነው ጊዜ የለም። እሱ ግን እሺ አይልም። ምክንያቱ ሰደርያው ነበር። በራሊ ቀን መንገድ ዳር የሚቆሙ ፎቶ አንሺዎች የራሊው ክለብ የሚሰጠውን ብርቱካናማ ሰደርያ ይለብሳሉ። ሰደርያ የሌለው ከገመዱ ኋላ ከሕዝቡ ጋር ይጋፋል። ሰደርያ የሚሰጠው ደግሞ መኪናው ሳይታይ ድምፁን የሚለይ፣ የመንገድ ጠባቂው ፊሽካ ሲነፋም ዘሎ የሚሸሽ ሰው ነው። ደንቡ ይህ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደንቡም ትክክል ነው። ጊቾሂ ግን ያለዚያ ሰደርያ ከናኩሩ ገበያ ሽማግሌዎች አንዱ ነው፤ ለብሶት ሲቆም ደግሞ ራሱን ያክላል። መሣሪያውን ጆሮው ላይ ካዩ ይነጥቁታል፤ ይህን ሊያጣ አልፈለገም።

በዘዴ ነበር የሚኖረው። መኪና ሊመጣ ሲል ሕዝቡ አንገቱን ወደ አንድ ወገን ያዞራል። ሕዝብ በሌለበት ከብቶች ግጦሻቸውን ትተው ቀና ይላሉ። ጊቾሂ አንድ ዓይኑን ካሜራው ላይ፣ ሌላውን ሰውና ከብቱ ላይ አድርጎ ይሠራ ነበር። ከገመዱ ውስጥ ማንም በማይደፍረው ቦታ፣ ከኩርባው አፍንጫ ላይ ይቆማል። ፎቶዎቹም ከሌሎቹ ይለያሉ። የሹፌሩ ቅንድብ ላይ ያለው አቧራ ሳይቀር ይቆጠራል። ወጣቶቹ ፎቶ አንሺዎች የእሱን ሦስት እጥፍ የሚያወጣ ካሜራ ይዘው መጥተው ይህን ማድረግ አቅቷቸው ይበሳጩ ነበር።

ሹፌሮቹም ይወዱታል። ምሳ ሰዓት ላይ መኪኖቹ ተሰብስበው ሲጠገኑ፣ ሹፌሮቹና ከጎናቸው ተቀምጠው መንገዱን ከወረቀት የሚያነቡላቸው ጓደኞቻቸው ወደ እሱ ይመጣሉ። «ምዜ፣ ከሰዓት የት ነው የሚቆሙት?» ይሉታል፤ ምዜ ለሽማግሌ የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። ፊቱን አይተው ቀስ ብለው ነው የሚጠይቁት። እሱም ደረቱን ነፍቶ ይነግራቸዋል። ለእሱ ካሜራ ሊያምሩ የሚጠይቁት ይመስለው ነበር። ማታ ለዋይሪሙ ይህንኑ እየደጋገመ ሲያወራላት እሷ ትስቅበታለች። እኔም እስቅበት ነበር።

ከሹፌሮቹ ሁሉ የሚሳሳላት ለዳማሪስ ጄቤት ነው። አባቷ ንጆሮ ውስጥ ትራክተር የሚያከራይ ሰው ነው። የአባቷን አሮጌ ፒክአፕ ጭቃ ሜዳ ላይ ስታሽከረክር የመጀመሪያ ፎቶዋን ያነሳት ጊቾሂ ነው። ዘንድሮ አንድ የኬሪቾ ሻይ ነጋዴ፣ ቱዌይ የሚባል፣ እንድትወዳደርበት መኪናውን ሰጣት። መጀመሪያ የኤልሜንቴይታን ውድድር በደህና ከጨረሰች በትልቁ የናይቫሻ ራሊ ላይ ሊያሰልፋት ቃል ገባ። ለንጆሮ ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም። ጊቾሂም እንደ ራሱ ጉዳይ ነበር የያዘው።

የውድድሩ ቀን ምሳ ላይ ኦዱዎር ወደ ጊቾሂ መጣ። ኦዱዎር ለዳማሪስ መንገድ የሚያነብላት፣ ከማሾፍ የማያርፍ የኪሱሙ ልጅ ነው። እንደ ልማዱ የት እንደሚቆም ጠየቀው። ጊቾሂም በቃጫው እርሻ ውስጥ፣ ከደረቁ ወንዝ ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ እንደሚሆን ነገረው። እኔም እዚያው ሻይ እየጠጣሁ ሰምቻለሁ።

የሆነውን በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ኩርባው ላይ ቆሞ ሁለት ሦስት መኪና ካነሳ በኋላ ነፋሱ ዞረ። የዚያ አገር አቧራ እንደ ዱቄት የላመና ነጭ ነው፤ ወደ ፎቶ አንሺው ከነፈሰ ቀኑ አበቃ ማለት ነው። ነፋስ ሲዞር የአቧራ አገር ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሌላው ወገን ለመሄድ ተነሳ። ተሻግሮ ቢቆም ምንም ባልነበረ። እሱ ግን ብርሃኑ የተሻለ መሰለውና ኩርባውን ትቶ ራቅ ብሎ ካለው ጉብታ ማዶ ወረደ። እዚያ ገመድ የለም፣ ሕዝብ የለም፣ አንዲት ላም እንኳ የለችም። ያለው ቃጫ ብቻ ነው። ጠባቂው አቧራው ውስጥ ሆኖ ፊሽካውን ነፍቷል፤ ፊሽካው ግን ለሚሰማ ሰው ነው።

እዚያ ሲሻገር መንገዱ መሐል ላይ እግሩ ሥር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማውና ዞረ። የዳማሪስ መኪና ጉብታውን ዘልላ አየር ላይ ነበረች። እጁ ከልማዱ አልወጣም፤ ካሜራውን ተጫነ። እሷ መሪውን ጠመዘዘች። መኪናዋ በጎኑ አልፋው ቃጫው ውስጥ እየተንከባለለች ገባች።

ዳማሪስ በእግሯ ወጣች። ኦዱዎርን ዳሌው ተሰብሮ በቃሬዛ አወጡት። ክለቡ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቃት አቧራ ነበር፣ መንገዱ አልታየኝም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ፈረመች። ስለ ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጠባቂውም በአቧራው ውስጥ ያየው ነገር የለም።

መኪናዋን እኔ ጋ አመጧት። ጣራው መሪው ላይ ተቀምጧል። ቱዌይ ዙሪያዋን ዞሮ አያት፤ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው ይህን ያደረገችው፣ ላም እንኳ አትስተውም አለኝ። የክለቡን ስብሰባ እንደሚጠብቅና ጥፋቱ የሷ ከሆነ የናይቫሻውን ቦታ ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሮኝ ሄደ። እኔም ከመዶሻዬ ጋር ቀረሁ።

በማግስቱ ጊቾሂ ጋራዥ መጣ። ወሬ የለም፣ ሰላምታ የለም። ካሜራውን ከፍቶ አሳየኝ። ያነሳት ፎቶ ያቺ ናት። መኪናዋ ከመሬት ለቃ፣ የፊት ጎማዎቿ ተጠምዝዘው፣ ከመስታወቱ ኋላ የዳማሪስ አፍ ተከፍቶ፣ ዓይኗ ቀጥ ብሎ እሱን ያያል። ሁለቱ የጎማ ቦዮች በካሜራው ግራና ቀኝ ነው የሚያልፉት። አንሺው የት እንደቆመ ሕፃን ልጅ እንኳ ይረዳዋል። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ እንጂ በሕይወቱ ካነሳቸው ሁሉ የሚበልጠው ፎቶ ይህ ነው።

«ለምን ዋሸችልኝ?» አለኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ? ፎቶውን ካሳየህ ሰደርያውን ትሰናበታለህ፣ ካላሳየህ ልጅቷ ናይቫሻን ትሰናበታለች አልኩት፤ ከንፈሬን እንዲያነብ ቀስ ብዬ። እኔ ብሆን አጠፋው ነበር ብዬም ጨመርኩበት። ሰው ሲጨነቅ ሳይ ቶሎ እንዲገላገል ነው የምፈልገው፤ ጠባዬ እንዲህ ነው።

«ባጠፋውም አይቼዋለሁ» አለና ካሜራውን ዘጋ።

ስብሰባው ላይ አብሬው ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሙቲሶ፣ የኮሚቴው ሰዎች፣ ቱዌይ፣ ዳማሪስ፣ ከኋላ ደግሞ ሹፌሮቹ ተቀምጠዋል። ጊቾሂ ማንም ሳይጠራው ተነሳ። ፎቶውን በትልቁ አሳጥቦት ነበርና ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ሰደርያውንም አጥፎ አጠገቡ አስቀመጠ። ጆሮው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እንደማይሰማ፣ ደብቆ እንደኖረ፣ መንገዱ መሐል የቆመው እሱ እንደሆነና ልጅቷ ሕይወቱን ለማዳን ስትል መኪናዋን እንደጣለች ተናገረ። ተመልሶ አጠገቤ ሲቀመጥ ትከሻው ወርዶ አየሁት፤ ሸክሙን ያራገፈ ሰው መሰለ። በዚያች ሰዓት ኮራሁበት። ለእህቴ እንዲህ ያለ ባል ስለደረሳት ደስ አለኝ።

ሙቲሶ ፎቶውን አገላብጦ አየና ወደ ዳማሪስ ዞረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ለምን ዝም አልሽ አላት።

ዳማሪስ ተነሳች። ፊቷ ወደ ጠረጴዛው ነበር፤ ለጊቾሂ የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው።

«ምዜ እንደማይሰሙ ሁላችንም እናውቃለን» አለች። «የት እንደሚቆሙ የምንጠይቃቸው ለዚህ ነው። ኦዱዎር ወረቀቱ ላይ ይጽፈዋል፤ እዚያ ስደርስ እግሬን ከነዳጅ አነሳለሁ። ሁሉም ያነሳል። ያን ቀን ቦታ መቀየራቸውን አላወቅንም። ጥፋት ከተባለ የሁላችንም ነው፤ ማንን ነጥዬ ልክሰስ?»

ከኋላ ያሉት ሹፌሮች አንገታቸውን ደፉ። ያስተባበለ የለም።

ቱዌይ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ቆይ» አለ፤ «እኔ ጎማና ነዳጅ የምገዛው በሰከንድ እንድትቀድሚ ነው። አንቺ ለፎቶ አንሺ ስትዪ መኪናዬን ስታዘገዪ ከርመሻል ማለት ነው?»

እሷ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

ጊቾሂ በክርኑ ነካኝ። ፊቱ ላይ ገና ያ እፎይታ አለ። «ምን አለች?» አለኝ። በኋላ እነግርሃለሁ ብዬ በእጄ አመለከትኩት። «አሁን ንገረኝ» አለ። ለእሱ ቀስ ያለ ይመስለዋል፤ አዳራሹ በሙሉ ሰምቶታል።

ከንፈሬን እንዲያነብ ዞርኩለት፤ አልገባውም። ደግሜ ነገርኩት፤ አልገባውም። በመጨረሻ ቀኝ ጆሮው ላይ አፌን አድርጌ፣ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ብሎ በተቀመጠበት ቤት ውስጥ ጮህኩ። «ያውቁ ነበር! አንተ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ያቀዘቅዛሉ! ለዚህ ነው የሚጠይቁህ!»

እንደገባው ያወቅሁት ማውራት ስላልጀመረ ነው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ።

ቱዌይ የናይቫሻውን ቦታ የዚያኑ ዕለት ለሌላ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ባለመኪና ሁሉ በሹፌሩ ላይ ጥርጣሬ ገባው፤ ለዳማሪስ ግን ጭራሽ በር የከፈተላት የለም። ፎቶው ባይወጣ በጥፋቷ ይቆጣት ነበር እንጂ ለከርሞ ሊያስባት ይችል ነበር፤ ይህን ራሱ ቱዌይ መኪናውን ሊወስድ ሲመጣ ነግሮኛል። አሁን የአባቷን ትራክተሮች ትነዳለች። ኦዱዎር በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ማሾፉንም ቀንሷል።

ከስብሰባው ስንወጣ ጊቾሂ በር ላይ ጠብቋት ይቅርታ ጠየቃት። እሷም እንዲያነብላት ፊቷን ቀና አድርጋ፣ ቃሉን እየለየች፣ «ምዜ፣ ባይናገሩ ይሻለን ነበር» አለችው። ክፋት አልነበረባትም። እውነቱን ነው የነገረችው፤ እኔ ግን በቡጢ ብትመታው ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሬ ተወ። ዋይሪሙ ሰርክ ዝምታውን እየሰማች ትውላለች፤ ያ ልፍለፋው ናፍቆኛል ትላለች።

አንድ እሑድ ከከተማው ውጭ ባለው ሜዳ ትንሽ ውድድር ነበር። ካሜራውን አንግቶ ጋራዥ መጣና እንሂድ አለኝ። እንደማንኛውም ሰው ቲኬት ቆረጥን። ከገመዱ ኋላ፣ የተጠበሰ በቆሎ ከሚበሉ ሰዎች መሐል ቆምን። ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ስለነበር ከሹፌሮቹ ማንም አላወቀውም፤ የት ነው የሚቆሙት ያለውም የለም። መኪኖቹ ሲመጡ ሕዝቡ አንገቱን አዞረ፣ እሱም ካሜራውን አነሳ። መሬቱ ተናጠ፣ ጠጠር ፊታችን ላይ ተበተነ፣ አለፉ። እንደገና መጡ፣ እንደገና አለፉ። ሲያነሳ ዋለ።

ሕዝቡ ሲበተን ሣሩ ላይ ተቀምጦ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ፤ እኔም በትከሻው በላይ አየሁ። አቧራ አለ። ግማሽ ጎማ አለ። የኋላ መብራት የሚመስል ቀይ ጭረት አለ። ብዙዎቹ ላይ ባዶ መንገድና ማዶ ያለው ሕዝብ ብቻ ነው ያለው። ሙሉ መኪና የሚባል ነገር አንዱም ላይ የለም።

ካሜራውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መኪኖቹ ወደሄዱበት መንገድ ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እንዲህ ፈጥነው ነው እንዴ የሚሄዱት?» አለኝ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት።