ጉሙን የረሳሁበት ሥዕል

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮቱ ትይዩ፣ የልጅ እጅ የሠራው አንድ ሥዕል ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ፊቱን ያዞራል፤ የሚታይ ነገር የለውማ። ከታች ገለባው የቀረበት የገብስ ማሳ አለ፤ ከማሳው በላይ ወደ ገደሉ የሚሄድ ቀጭን መንገድ፣ በስተግራ አንድ የኮሶ ዛፍ፣ ከዛፉ አጠገብ ደግሞ ዛፉን የሚያህል ነጭ ጉም። ወረቀቱ የመፈክር ወረቀት ጀርባ ስለሆነ የቀይ ፊደላት ጥላ ከበስተኋላው ይታያል። ልጆቼ ጉሙን «እማዬ ያበላሸችው ቦታ» ይሉታል። እኔም ስቄ አልፋለሁ እንጂ አላርማቸውም።

ያን ሥዕል ስሠራ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ፣ አገሩ ደባርቅ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ ሰው ሁሉ አለቃ ይለዋል፤ ከዳባት እስከ በየዳ ያሉ ደብሮች መቅደስ ሲያሠሩ ወይም ሲያሳድሱ የሚጠሩት እሱን ነው። ቤታችን የበሬ ቆዳ ሙጫ ይሸት ነበር። ቆዳ ተቀቅሎ ሙጫ እስኪሆን የሚወጣውን ሽታ ጎረቤቶቻችን አፍንጫቸውን ይዘው ያልፉት ነበር፤ ለእኔ ግን የቤቴ ሽታ ነው፤ ዛሬም በጫማ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ እግሬ ቆም ይላል። አቡጀዲው ይወጠራል፣ ሙጫና ኖራ ይቀባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ አባቴ ከሰሉን አንስቶ መንደፍ ይጀምራል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀለም የምበጠብጥለት እኔ ነበርኩ።

የአባቴ ሕግ ጥቂት ነው፤ ግን አይሻርም። ጻድቅ ሙሉ ፊቱ ወደ እኛ ሆኖ ሁለት ዓይን ይሳልለታል፤ ክፉ ሰው በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። የሚከበረው ይተልቃል፤ ሌላው ያንሳል። ዓይን ለመጨረሻ ይቆያል፤ አባቴ ዓይን የሚከፍተው በጠዋት፣ እህል ሳይቀምስ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅም ከሥሩ በቀይ ቀለም «ዘከመ» ብሎ ይጀምርና በግእዝ ነገሩን ይጽፋል፤ እንዴት እንደተወለደ፣ እንዴት እንደተሰቀለ፣ እንዴት እንዳረገ። ለመሬት ግን ሕግ አልነበረውም። ተራራ ማለት ከቅዱሱ እግር ሥር የምትሰመር አረንጓዴ መስመር ናት፤ አንዳንዴም እሷ ራሷ ትቀራለች። የስሜንን ተራራ የሚያህል ነገር ደጃችን ላይ ተገትሮ፣ አባቴ በዕድሜው አንድ ቀን ሊስለው አልቃጣውም።

ይህን ነገር የነካካው መምህር ይልማ ነው። ሥነ ጥበብ የተማረ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ለምን ወደ እኛ እንደተላከ የሚያውቅ የለም፤ በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ነበር። የደባርቅ ብርድ ስላንገበገበው ሁለት ጋቢ ደርቦ ያስተምረን ነበር፤ እኛም ከኋላው «ባለ ሁለት ጋቢው» እንለዋለን። አንድ ቀን ከአሮጌ መጽሔት የተቀደዱ ሥዕሎች ሰሌዳው ላይ ለጠፈና የመልክዓ ምድርን ሥዕል ታሪክ ይነግረን ጀመር። በፈረንጅም አገር ድሮ እንደኛው ነበር አለ፤ ቅዱሱ ትልቅ፣ ተራራው ከኋላው ያለች ጉብታ። ትውልድ ባለፈ ቁጥር ግን ቅዱሱ እያነሰ ተራራው እያደገ መጣ። ቅዱሱ ከዛፍ ሥር የሚያልፍ መንገደኛ አከለ፤ ቆይቶም በጣት የሚሸፈን ነጥብ ሆነ፤ በመጨረሻ አንዱ ሠዓሊ እሱንም ተወውና ዛፉ፣ ወንዙና ደመናው ብቻቸውን ቀሩ። በሩቅ ምሥራቅ ያሉት ሠዓሊዎች ደግሞ ከዚያ ሁሉ ቀድመው ተራራን ለብቻው ሲስሉ ኖረዋል አለን። እነሱ ጉምን በቀለም አይሠሩትም፤ ወረቀቱን ሳይነኩ ይተዉታል፤ ባዶው ቦታ ጉም ይሆናል። እኔን ከሁሉም የገረመኝ ይኼ ነበር።

ቤት ገብቼ ለአባቴ የሰማሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ። የምድር መልክ ካልሽኝ፣ መልክ ያለ ዓይን የት አየሽ አለኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና ብሩሹን አስቀመጠ።

«ቅዱሱስ፣ ልጄ? ከሥዕሉ ሲወጣ የት ሄደ?»

በማግስቱ ጥያቄውን ለመምህር ይልማ አደረስኩ። አላውቅም፣ አባትሽ ከእኔ የበለጠ ጠያቂ ናቸው አለኝ።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ሙሉጌታ ከጎንደር መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እዚያ ይማር ነበር። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ተለቅመው እንዳለቁበት የሰማሁት ኋላ ነው፤ ያኔ ያየሁት ፊቱ መክሳቱንና ውሻ በጮኸ ቁጥር ድንግጥ ማለቱን ብቻ ነው። ስምንት ቀን ከጎታው ጀርባ ተቀመጠ። በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ የበልግ ጉም ከተራራው ሲወርድ ጠብቆ ወጣ። ሰማያዊ ጥለት ያለውን ጋቢውን ለብሶ በገብሱ ማሳ አቋረጠ፤ በኮሶው ዛፍ ሥር አለፈ፤ ወደ ቆላ በሚያወርደው የእግር መንገድ ገባ። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። እኔ አንዴ ዘወር ቢልልኝ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ሳይዞር ጉሙ ዋጠው። ያ አለመዞሩ ከመሄዱ ይልቅ አንገበገበኝ፤ ልጅ ነበርኩና የተቀየመን መሰለኝ።

እናቴ የዚያን ቀን ትከሻዬን ይዛ መከረችኝ። ማንም ቢጠይቅሽ በዳባት አድርጎ በአውቶቡስ ጎንደር ተመልሷል በይ፤ ከዚያ በላይ ዝም፣ ዝም አይነቅዝም አለችኝ። የቀበሌው ካድሬ ሁለት ጊዜ ቤታችን መጣ። ከወንድሜ ጋር እስከ ስምንተኛ ክፍል አብሮ የተማረ ወጣት ነው፤ በልጅነቱ ከእኛ ቤት እንጀራ በልቷል። እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ጠየቀኝ፤ ጎንደር አልኩ። ቆላው መንገድ ላይ ጥበቃ እንዳለና ወንድሜ በየት በኩል እንደሄደ ከታወቀ ገና እታች ያለውን ወንዝ ሳይሻገር እንደሚያዝ አባትና እናቴ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ።

ከዚያ የላብ አደሮች ቀን ደረሰ። ቀበሌው ያረጁ የመፈክር ወረቀቶች ለትምህርት ቤቱ ሰጠና የአገራችሁን ምድር ሳሉ ተባልን። ወረቀት ብርቅ ነበር፤ ተቆጥሮ የተሰጠው ተቆጥሮ ግድግዳ ላይ መሰቀል አለበት። እኔ ከቤታችን ደጅ የሚታየውን ሳልኩ። ማሳው፣ መንገዱና ኮሶው አማረልኝ። ግን ባዶ ሆነብኝ፤ ሰው የሌለበት ሥዕል አይቼ አላውቅም። በአባቴ ከሰል ወንድሜን ነደፍኩት። የሚከበር ስለሆነ የኮሶውን ዛፍ አሳከልኩት። እግሮቹ ወደ ቆላው ይሄዳሉ። ፊቱ ላይ ስደርስ ግን ተጨነቅኩ። በጎኑ ብስለው አንድ ዓይን ይኖረዋል፤ አንድ ዓይን ደግሞ የክፉ ሰው ነው። ስለዚህ አንገቱን ወደ እኛ አዞርኩትና ሁለት ዓይን ሳልኩለት። እግሩ እየሄደ ፊቱ ይመለከተናል። ጥለቱንም ሰማያዊ ቀባሁት። አፌ የጠበቀውን እጄ እንዳወጣው ፈጽሞ አልገባኝም፤ ስጨርስ ደስታ እንጂ ፍርሃት አልነበረኝም።

መምህር ይልማ ሥዕሉን ተቀብሎ ብዙ አየው። ሌሎቹ ልጆች እስኪወጡ አስቆየኝ። ማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ወንድሜ አልኩት። በሩን ዘጋና ነጭ ቀለም ያለበትን ጣሳ አነሳ።

«ያን ቀን ጉም ወርዶ ነበር ወይ?» አለኝ።

«ወርዶ ነበር።»

«እንግዲያው ጉሙን ረስተሽዋል።»

ወንድሜን ዓይኔ እያየ ከእግሩ ጀምሮ ሸፈነው። አለቀስኩ፤ ጠላሁትም። እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁና ባለ ሁለት ጋቢው ሥዕሌን አበላሸብኝ ብዬ ለአባቴ ከሰስኩ። አባቴ ምን ስለሽ ነበር አለኝ፤ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም፤ ያ ይበልጥ አስፈራኝ። ወንድሜን የነደፍኩት በምን እንደነበር ጠየቀኝ። በከሰል አልኩት።

«የሱቅ ነጭ ሲደርቅ ይሳሳል» አለ ለእናቴ። «ከሰል ያሳብቃል።»

የበዓሉ ዕለት፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ የራሱን ኖራና ሙጫ አስይዞኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። መምህር ይልማ ብቻውን ሥዕሎቹን ይሰቅል ነበር፤ አባቴን ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ መንገድ ለቀቀለት። አባቴ እንዳለው ሆኗል። ነጩ ቀለም ደርቆ ሳስቷል፤ የጋቢው ጥለት ወጥቷል፤ ከጉሙ መሐል ሁለት ጥቁር ዓይኖች ያዩናል። አባቴ ልጁን ካየ ወር አልፎት ነበርና ቆሞ ቀረ። ከዚያ አማተበና ብሩሹን ነከረ። እግሮቹን ሸፈነ፣ ጥለቱን ሸፈነ፣ ትከሻውንና ጸጉሩን ሸፈነ። ዓይኖቹን ለመጨረሻ አቆያቸው። እህል አልቀመሰም ነበር። የስንቱን ቅዱስ ዓይን የከፈተ እጁ፣ ያን ጠዋት የልጁን ዓይን ዘጋ። ጣሳውን ይዤ እንደቆምኩ፣ የሠራሁት ጥፋት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሲደርቅ ሕዝቡ ገባ፤ ካድሬውም ከሹማምንቱ ጋር መጣ። እያንዳንዱን ሥዕል እያየ አለፈና የእኔ ፊት ቆመ። አባቴ በሩ ጋ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል።

«መሬት ላራሹ ብለን አውጀን፣» አለ ካድሬው፣ «አራሹ የታለ?»

መምህር ይልማ ድምፁን ሳይለውጥ መለሰ። «ጉም ነው፣ ጓድ። ጉም ሲወርድ ሰው አይታይም።»

ካድሬው ወረቀቱን ቀረብ ብሎ አየው። ኮሶውን ያውቀዋል፤ በልጅነቱ ከወንድሜ ጋር የሚወጡበት ዛፍ ነው። በመጨረሻ ሌላ ጊዜ ሰው ጨምሩበት አለና ወደሚቀጥለው ሥዕል ሄደ። ያየውን አይቶ ያለፈ ይሁን ያላየ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰው ሲበተን አባቴ መምህሩን ለብቻው አገኘው። ከፍየል ጸጉር ራሱ የሠራውን፣ ለዓይን ብቻ የሚጠቀምበትን ቀጭን ብሩሽ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

«መምህር፣ ያ ቅዱስ የት እንደሄደ አሁን ገባኝ» አለው።

መምህር ይልማ በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማሁም። ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ሥዕሉ ወደ ቤት ሲመለስ አባቴ ተቀብሎኝ ከሥሩ በቀይ ቀለም ሁለት ቃል ጻፈበት፤ «ዘከመ ሖረ»፤ እንዴት እንደሄደ። ስም አልጻፈም። በዕድሜው ተራራ ላይ ያሳረፈው ቀለም ያ ጉም ብቻ ነው።

ደርግ ሲወድቅ በዚያ መንገድ ብዙ ሰው ተመለሰ። እናቴ በየቀኑ ኮሶው ሥር እየወጣች ትጠብቅ ነበር። የእኛው አልመጣም፤ አየሁት የሚልም አልተገኘም። ፎቶግራፉ እንኳ አልነበረንም፤ ያለችንን አንዲት እናቴ ያን ክረምት አቃጥላታለች። አንድ ቀን ሥዕሉን አውርዳ አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው። አሁን የሚፈራ የለም፣ ጉሙን ፋቅልኝና ልጄን ልየው አለችው። አባቴ ቢላዋውን አወጣ፣ ብርሃን ወዳለበት ዞረ፣ የጉሙን ጠርዝ በጥፍሩ ሞከረ። ከዚያ ቢላዋውን መለሰው።

«ሙጫው አንድ አድርጎታል፣» አላት። «ጉሙን ካነሳሁት እሱም አብሮ ይነሳል።»

እናቴ ሥዕሉን ተቀብላ ራሷ ወደ ቦታው መለሰችው። ሁለቱም በየተራ እስኪያልፉ ድረስ ዳግም አላነሱትም።

አሁን ያንን ተራራ የማይስለው የለም። ልጄ እንግዶች እያስጎበኘች በወር ሁለት ሦስቴ ወደ ስሜን ትወጣለች፤ ማታ ስትገባ በስልኳ ያነሳችውን ታሳየኛለች። ገደሉ፣ ረጅሙ የጅባራ ተክል፣ የሚርቅ የሚርቀው ሰማያዊ ተራራ፤ ሰው የሌለበት መልክዓ ምድር በአንድ ቀን መቶ። መልካም ዘመን ነው፤ ማንም መጥቶ አራሹ የታለ አይላትም፣ ከተራራው ፊት ለመቆምም ምክንያት አያስፈልጋትም። ጉም የገባበትን ግን ተበላሸ ትልና ታጠፋዋለች። ባለፈው እንዲህ ስታደርግ እጇን ያዝኩት። ለምን አለችኝ፤ ዓይኔን ወደ ግድግዳው ሥዕል መለስኩ።

የወንድሜን መልክ የሚያውቅ ከእኔ በቀር አሁን በሕይወት የለም። የእኔም ትዝታ እየደከመ ነው፤ አፍንጫውን፣ ድምፁን ረስቻለሁ። አንድ ነገር ግን አልረሳሁም። ያን ቀን በማሳው ላይ ሳይዞር ነው የሄደው። ከዚያ ጉም ሥር ያለው ግን ዞሯል፤ በሁለት ዓይኑ ያየናል።